የተፈተነ ሙጫ

ባሕሩ የሽመክትን ሬሳ ጅቡቲ ከተማ ራስ ዲካ ዳርቻ ላይ የመለሰው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው፤ ሰኔ 21 ቀን 1999 ዓ.ም.። ጀልባው ቀድሞት ተገልብጦ መጥቷል። አዲስ ጣውላ የተለጠፈበት የጀልባው ወለል ሁለት መዳፍ በሚያህል ቀዳዳ ተከፍቷል። ሽመክት ድሮ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት በደረሰ አደጋ ወገቡ ተሰብሮ፣ መንጃ ፈቃዱም ተነጥቆ እዚሁ ከተማ ቀረና የእንጨት ዓሣ እየጠረበ መሸጥ ያዘ። ቀለም የተቀባ፣ መንጠቆ የሚታሰርበት፣ ትልቁን ዓሣ አታሎ የሚያስይዝ የውሸት ዓሣ። ለመዝናናት የሚያጠምዱ ፈረንጆች ይሻሙበት ነበር። በዚያ ወገቡ ከመሐል ባሕር ዋኝቶ መውጣት የሚታሰብ አልነበረም።

ነገሩ አደጋ ተብሎ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር። በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ግን ፖሊሶች የሟቹን ቤት ሊያዩ ሲሄዱ አንዲት ልጅ ግቢው ውስጥ ደም የነካው ሸሚዝ ስታጥብ አገኙ።

ዙለይካ የተጠራችው ያኔ ነው። ዙለይካ ፖሊስ አይደለችም። ድሬዳዋ ተወልዳ፣ ባቡር ላይ ይሠራ የነበረውን አባቷን ተከትላ ጅቡቲ የመጣች፣ ወደብ ላይ የተበላሸ ጭነት በመመርመር ሃያ ሁለት ዓመት የቆየች ሴት ናት። ካርቶን በመንገድ ተከፍቶ እንደገና መታሸጉን በማሸጊያው ሙጫ ታውቃለች፤ የሚዋሽ ሰው ደግሞ ካርቶን ያህል እንኳ አያስቸግራትም። ፖሊስ የሚጠራት አማርኛ እንድታስተረጉም ነው። መቶ አለቃ ዓብዱሰመድ ሁልጊዜ «ማስተርጎም ብቻ፣ ማዳም ዙለይካ» ይላታል። እሷም ሁልጊዜ «እሺ» ትለዋለች። እንደማይሆን ሁለቱም ያውቁታል።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ልጅቷ በመታጠቢያው ሳፋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ቦንቱ ትባላለች፤ አንድ ቤተሰብ ቤት ተቀጥራ እዚያው የምትኖር የቤት ሠራተኛ ናት። ሸሚዙ ሳፋው ውስጥ ቀይ ነጠብጣብ እንዳለበት ተኝቷል።

«ምንሽ ነበር ሽመክት?» አለቻት ዙለይካ።

«ሊያገባኝ ነበር፣ እትዬ። እረፍቴ ዓርብ ዓርብ ነው። እመጣለሁ፣ የሥራ ሸሚዙን አጥባለሁ፣ ዓሣዎቹን ቀለም እቀባለታለሁ። ዛሬም ባሕር የሄደ መስሎኝ ማጠብ ጀመርኩ። ፖሊሶቹ ናቸው መሞቱን የነገሩኝ።»

«ደሙስ?»

«ደም አይደለም! ስዘፈዝፈው ቢጫ ነበር። ሳሙና ሲነካው ቀላ። እግዜር ያሳይዎት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

መቶ አለቃው ሳቀ። ዙለይካ አልሳቀችም። አጎንብሳ አንዱን ነጠብጣብ በጥፍሯ ፋቀች፤ እንደደረቀ ቆዳ ይንኮሻኮሻል። ወደ ማድቤቱ ገብታ ግማሽ ሎሚ ይዛ ወጣችና ነጠብጣቡ ላይ ጨመቀችበት። ቀዩ ዓይናቸው እያየ ቢጫ ሆነ።

«ደም በሎሚ ቢጫ አይሆንም፣ መቶ አለቃ። ይሄ እርድ ነው። በሳሙና ይቀላል፣ በሎሚ ይመለሳል። ከሥሩ ያለው ደረቅ ነገር ደግሞ ሙጫ ነው።»

መደርደሪያው ላይ ሽመክት የሚሠራበት ቢጫ የእንጨት ሙጫ ግማሽ ጠርሙስ ቀርቷል። ዙለይካ ከእሱ ጠብታ አውጥታ ሳሙና ቀባችበት። ቀላ። ውኃ የማይፈታው የእንጨት ሙጫ ከፋብሪካው ቢጫ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ እርድ ምን ይሠራለታል? አንድ ሰው ደህናውን ሙጫ ገልብጦ፣ በምትኩ ውኃ የሚያሟሟውን ርካሽ ነጭ ኮላ በእርድ አቅልሞ ሞልቶበታል። ሽመክት በዚያ ጀልባውን ለጠፈ፤ ባሕር ላይ ልጣፊው ለቀቀ።

ይህን ለመቶ አለቃው ስትነግረው በአድናቆት አዳመጣት። ከዚያ ጣቱን ወደ ቦንቱ ቀሰረ።

«ሙጫውን ከሱቅ ገዝታ ያመጣችለት እሷ ናት፤ ራሷ አምናለች። እርድስ የማን ዕቃ ነው? የወጥ ቤት። እናመሰግናለን፣ ማዳም።»

ዙለይካ ምላሷን ነከሰች። ልጅቷን ከደም አውጥታ እርድ ውስጥ ከተተቻት። በዚህ ዓይነት ሰው ከማስፈጀቴ በፊት ወደ ካርቶኔ ብመለስ ይሻለኛል ብላ በራሷ ተናደደች።

«መቼ ትወስዷታላችሁ?»

«ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ለዐቃቤ ሕግ አስረክባታለሁ። ከዚያ በኋላ ከእጄ ወጣች።»

«እስከዚያ ልይ።»

መስኮቱ ላይ አንድ ብርጭቆ የባሕር ውኃ አለ። ውስጡ እርስ በርሳቸው የተጣበቁ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ተነክረዋል። ዙለይካ አውጥታ በሁለት እጇ ሳበቻቸው፤ ንቅንቅ የለም።

«ፈተናው ነው» አለች ቦንቱ። «አዲስ ሙጫ ሲገዛ ሳይፈትን አይነካውም። ሁለት እንጨት አጣብቆ ሰባት ቀን ባሕር ውኃ ውስጥ ያቆየዋል። ይሄንን የዛሬ ሁለት ሳምንት ዓርብ አመጣሁለት። ባለፈው ዓርብ ሲያየው ይዟል። ‹ይሄ የሚታመን ነው› አለኝ። በማግስቱ ሥራ ጀመረበት።»

ዙለይካ ብርጭቆውን መልሳ ቦታው ላይ አስቀመጠች። ጠርሙሱ እዚህ ቤት ሲገባ ደህና ነበር ማለት ነው። የተለወጠው ፈተናውን ካለፈ በኋላ ነው። ያ ምስኪን ያልተፈተነ ነገር የማያምን ሰው ነበር፤ የሞተው የተፈተነውን ስላመነ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የዓሣዎቹ ሳጥን ተከፍቷል። ዘጠኝ ናቸው። እያንዳንዱ ለሁለት ተከፍሎ የተጠረበ፣ መሐሉ ላይ ሽቦ ተኝቶ የተጣበቀ ነው። ሆዳቸው ላይ በእርሳስ ተጽፎባቸዋል፦ ሦስቱ ላይ «ኪዳነ ምሕረት»፣ ሁለቱ ላይ «እስጢፋኖስ»፣ ሦስቱ ላይ «ገብርኤል»። ዘጠነኛው ገና አልተጣበቀም፤ ሁለቱ ግማሾች በክር ታስረዋል፤ «ዑራኤል» ይላል።

«የደንበኞቹ ስም ነው» አለ መቶ አለቃው። «አብሮት የሚኖረው ሹፌር፣ ጥሩሰው፣ አንብቦ ነገረን። እስጢፋኖስና ገብርኤል የሚባሉትን እንዲያፈላልጉ ወደብ ሁለት ሰው ልኬያለሁ። ኪዳነ ምሕረት ሴት ሳትሆን አትቀርም።»

የዙለይካ ሳቅ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ቀረ። ሳቋን ያቋረጠባት ሌላ ሐሳብ ነበር።

«ጥሩሰው ነው ይሄን ያላችሁ? ራሱ?»

«ራሱ። ምነው?»

«ምንም። ባልዲ የባሕር ውኃ ያስመጡልኝ። የተጣበቁትን ስምንቱን እንንከራቸውና ቤቱ እስከ ነገ ይቆለፍ።»

ለቦንቱ አሠሪ ለወይዘሮ ሙኒራ ስልክ ደወለች። ሴትየዋ ቀዝቃዛ ናቸው፤ የግቢው ቁልፍ በእሳቸው እጅ እንደሆነና ልጅቷ ከዓርብ እስከ ዓርብ ከበር እንደማትወጣ በኩራት ተናገሩ። ዙለይካ ኩራታቸው አስጠላት፤ መልሱ ግን ጠቀማት።

ከዚያ ካርቲየ 2 ወደሚባለው የገበያ ሰፈር ወረደች። ሐጂ ዘከሪያ የቀለምና የሙጫ ሱቃቸው ውስጥ ላባቸውን እየጠረጉ ተቀምጠዋል። የሽመክትን ስም ስትጠራ ፊታቸው ተለወጠ።

«እኔ የሸጥኩት ደህና ሙጫ ነው! ልጅቷ በመንገድ ምን እንዳደረገችው እኔ ምን አውቄ?»

«ማን ከሰስዎት፣ ሐጂ?»

«ዓይንሽ።»

«ዓይኔን ይተዉት። ሽመክት ይሄን ሙጫ እንዴት መረጠው?»

ሽማግሌው እያመነቱ ተረጋጉ። «አሰቃይቶኛል። መጀመሪያ ያንን ጣት የሚያጣብቀውን ፈጣን ሙጫ ሞከረ፤ ዓሣው አንዴ ሲነክሰው ይሰነጠቃል ብሎ መለሰው። ባለ ሁለት ቱቦውን ወሰደ፤ ያ ጥሩ ነው፣ ግን በዚህ ሙቀት ቀላቅሎ ሳይጨርስ እጁ ላይ ይደርቅበታል። ነጩን ኮላማ ገና ስሙን ስጠራው ይቆጣል፤ ባሕር ውኃ ውስጥ አንድ ቀን አያድርም። መጨረሻ ላይ ይሄን ቢጫውን አገኘሁለት። ከእሱ በቀር የሚገዛው የለም። ዘንድሮ የሸጥኩት አንዲት ጠርሙስ ናት፤ የቀሩት አቧራ እየጠጡ ነው።»

«ነጩንስ ሰሞኑን ማን ገዛ?»

«ነጩን ያልገዛ ማን አለ? ልጅ ሁሉ ለደብተሩ ይገዛል።»

«ሰኞ የት ነበሩ?»

ሐጂ ዘከሪያ ዓይናቸውን አፈጠጡባት። «ቀልድ ነው? ቀኑን ሙሉ ወደብ ላይ የረጠበ ካርቶኔን አንድ ባንድ ስታስከፍችኝ አልዋልሽም?»

ዙለይካ አፈረች። ውላለች፤ ጧት ከአንድ ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት። አንድ የታሸገ ጠርሙስ ቢጫ ሙጫ ተቀብላ ወጣች።

ጥሩሰው ከባድ መኪኖች ወረፋ በሚጠብቁበት በፔካ 12 መኪናው ጥላ ሥር ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ማተብ ያሰረ የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ የሽመክት ረዳት ሆኖ ጀምሮ ዛሬ የራሱን ተሳቢ የሚነዳ ሰው። ሲያያት ተነሥቶ በርጩማውን በእጁ አራግፎ ሰጣት። ዓይኑ ቀልቷል።

«ወንድሜ ነበር፣ እትዬ። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው።»

«መቼ አየኸው ለመጨረሻ ጊዜ?»

«እሑድ ማታ። ጀልባው ውኃ ያስገባል፣ ማክሰኞ እለጥፈዋለሁ አለኝ። ከዚያ ተነሥቼ እዚህ መጣሁ። እስከ ረቡዕ ወረፋ ላይ ነበርኩ፤ ንቅንቅ አላልኩም።»

«ሰኞም?»

«ሰኞም። እንዲያውም ሰኞ ጎማ ስፈታ ወድቆበት ይሄ የተቀመጡበት በርጩማ እግሩ ተሰበረ። እዚሁ ቁጭ ብዬ አጣበቅሁት።»

ዙለይካ ጎንበስ ብላ አየችው። ስብራቱን ዞሮ ቀጭን ቢጫ መስመር አለ።

«ጎበዝ። በምን?»

«በነጭ ኮላ ነዋ። ሌላ ምን ይገኛል?»

«እውነትህን ነው» አለችና ተነሣች። «ነገ አምስት ሰዓት ላይ ሽመክት ቤት እንድትገኝ። ያ ቤት መቀመጫ የለውም፤ እኔ ደግሞ ጉልበቴን ያመኛል። ይሄን በርጩማ ይዘህልኝ ብትመጣስ?»

«በደስታ፣ እትዬ።»

ቅዳሜ በአምስት ሰዓት ሁሉም ተሰበሰቡ። ቦንቱ እጇ በካቴና ታስሯል። ሐጂ ዘከሪያ በር አጠገብ ቆመው መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ። ጥሩሰው በርጩማውን አስቀመጠላት፤ ዙለይካም አመስግና ተቀመጠችበት። መቶ አለቃው ሰዓቱን አየ።

«አንድ ሰዓት አለዎት፣ ማዳም።»

«ይበቃል። ባልዲውን ያምጡት።»

እጇን ነክራ ዓሣዎቹን አንድ ባንድ አወጣች። «ኪዳነ ምሕረት» የሚሉት ሦስቱም እንደተጣበቁ ናቸው። «እስጢፋኖስ» የሚሉት ሁለቱም እንዲሁ። «ገብርኤል» የሚለውን ስታነሣ ግን ግማሹ እጇ ላይ ቀርቶ ግማሹ ባልዲው ውስጥ ወደቀ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ውኃው ወተት ጠብ ያለበት መስሏል።

«የገብርኤልን ብቻ?» አለ መቶ አለቃው። «ስለዚህ ይሄ ገብርኤል የሚባለው ደንበኛ—»

«ገብርኤል ሰው አይደለም፣ መቶ አለቃ። ማክሰኞ ነው።»

ዙለይካ እጇን በቀሚሷ አደረቀች።

«ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ድሬዳዋ ቀን የሚቆጥሩት እንዲህ ነበር። የወሩ አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ። አሥራ ሰባት እስጢፋኖስ፤ እሑድ። አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፤ ማክሰኞ። ሽመክት እያንዳንዱን ዓሣ ያጣበቀበትን ቀን ሆዱ ላይ ይጽፍ ነበር። ቦንቱ፣ ልክ ነኝ?»

«ልክ ነዎት» አለች ልጅቷ በቀጭን ድምፅ። «ማንም አልጠየቀኝም።»

«እሑድ የተጣበቀው ይዟል፤ ማክሰኞ የተጣበቀው ፈርሷል። ስለዚህ ሙጫው የተለወጠው በመሐል፣ ሰኞ ነው። ጎረቤቶች እንደነገሩኝ ሰኞ ሽመክት ወገቡን ሊታይ ሐኪም ቤት ውሏል፤ ቤቱ ባዶ ነበር። ቦንቱ ሰኞ ወይዘሮ ሙኒራ ቤት ተቆልፎባታል። ሐጂ ዘከሪያ ከእኔ ጋር ካርቶን ሲከፍቱ ውለዋል፤ ምስክራቸው እኔ ነኝ። የዚህን ቤት ቁልፍ የያዘ አንድ ሌላ ሰው አለ።»

ጥሩሰው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እኔ ፔካ 12 ነበርኩ ብያለሁ።»

«ብለሃል። አንተ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነህ፣ አንገትህ ላይ ማተብ አለ። አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል መሆኑን እኔ የድሬዳዋ እስላም የማውቀውን አንተ አጣኸው? ‹የደንበኞቹ ስም ነው› ብለህ ፖሊስ ወደብ ለወደብ ቅዱሳን ሲፈልግ እንዲውል አደረግህ። ሰው ቀንን የሚደብቀው በዚያ ቀን የሠራው ነገር ሲኖር ነው።»

«ተደናግጬ ነው! ሬሳ አይቼ—»

«ይሁን፣ ድንጋጤ ነው እንበል።» ዙለይካ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፤ በርጩማውን ገልብጣ እግሩ ላይ ያለውን ቢጫ መስመር በቢላ ፋቀችና ሳሙና ቀባችበት። ቢጫው ቢጫ ሆኖ ቀረ። «ይሄ እርድ የለበትም። ነጭ ኮላም አይደለም። ሐጂ፣ ይዩት እስቲ።»

ሽማግሌው ዙለይካ ካቀበለቻቸው የታሸገ ጠርሙስ ጠብታ አውጥተው አስተያዩ። «የእኔ ሙጫ ነው። ዘንድሮ አንዲት ብቻ ነው የሸጥኩት።»

«ሽመክት ሰጥቶኝ ነው!» አለ ጥሩሰው። «ትንሽ ሰጥቶኝ ነበር።»

«መቼ?»

ጥሩሰው ወደ በሩ ተመለከተ።

«በርጩማው የተሰበረው ሰኞ ነው፤ አንተ ነህ የነገርከኝ። ከእሑድ ማታ እስከ ረቡዕ ሽመክትን አላየሁም ያልከውም አንተ ነህ። ቀድሞ ሰጥቶህ ቢሆን ኖሮ ትናንት ‹በነጭ ኮላ ነው› ብለህ አትዋሸኝም ነበር። ከሰኞ ወዲህ ደግሞ ሽመክት ራሱ ደህና ሙጫ አልነበረውም፤ ቢኖረው ኖሮ ዛሬ አብሮን ይቀመጥ ነበር። ሰኞ ደህናውን ገልብጠህ የወሰድክ አንተ ነህ። መድፋት ነበረብህ። ግን ሹፌር ነህ፤ የሚረባ ነገር መጣል አልሆነልህም። ወሰድከው፣ በርጩማህን ጠገንክበት፣ ከዚያ በገዛ እጅህ ተሸክመህ አመጣህልኝ።»

ጥሩሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ዓርብ ሊናገር ነበር» አለ። «ያኔ ድንበሩ ጋ፣ በገላፊ መንገድ፣ መኪናውን የገለበጥኩት እኔ ነኝ። መንገደኛ ሞቶ ነበር። ፈቃድ አልነበረኝም፤ እሱ ‹ልጅ ነህ› ብሎኝ ለፖሊስ ‹የነዳሁት እኔ ነኝ› አለ። ታሠረልኝ፤ ወገቡ የተሰበረውም ያኔ ነው። ስምንት ዓመት አንድ ቀን አላነሣውም። አሁን ላገባ ነው፣ ስሜን አጥርቼ ወደ መንገዴ እመለሳለሁ አለኝ። አብረን ሄደን እንናገር አለ። መኪናዬ… ሁሉ ነገሬ…» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ምናልባት ይዋኛል ብዬ ነበር።»

«በየትኛው ወገቡ?» አለች ቦንቱ። አልጮኸችም።

መቶ አለቃው ካቴናውን ከልጅቷ እጅ ፈትቶ በጥሩሰው እጅ ላይ አጠለቀው። ጥሩሰውን ይዘውት ሲወጡ መቶ አለቃው በር ላይ ዞረና ዙለይካን «ማስተርጎም ብቻ ብያለሁ» አላት። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ቦንቱ አንጓዋን እያሸች ወደ ጠረጴዛው ሄደች። በክር የታሰረውን ዘጠነኛውን ዓሣ አነሣች።

«ዑራኤል ሃያ ሁለት፣ ትናንት ነው» አለች ዙለይካ ቀስ ብላ። «ያልደረሰበትን ቀን አስቀድሞ ጽፎታል። እሱ ብቻ ነው ያልገባኝ።»

«የእኔ ነው፣ እትዬ። ዓርብ ስትመጪ አንዱን ራስሽ ታጣብቂያለሽ ብሎኝ ነበር። የመጀመሪያዬ።»

ዙለይካ ሃያ ሁለት ዓመት ስትመረምር ከኖረችው ጭነት ሁሉ እንዲህ የከበዳት አልነበረም። ሐጂ ዘከሪያ ከበሩ መጥተው የያዙትን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ውሰጂ፣ ልጄ። ስላንቺ ክፉ ተናግሬያለሁ። አጣብቂው።»

ቦንቱ ጠርሙሱን ከፈተች። ዓሣውን ግን መልሳ ሳጥኑ ውስጥ አስተኛችው። ከወለሉ ላይ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ለቅማ አጣበቀች፤ እስኪይዙ በጣቶቿ ጨብጣ ቆየች። ከዚያ መስኮቱ ላይ ካለው ብርጭቆ የሽመክትን እንጨቶች አውጥታ በቀሚሷ ኪስ ከተተችና በቦታቸው የራሷን ነከረች። እርሳሱን አንሥታ ቁራጭ ወረቀት ላይ «ጊዮርጊስ» ብላ ጻፈች፤ ቀኑ ሃያ ሦስት ነበር።

«ሰባት ቀን ይቆይ» አለች። «ካለፈ ያኔ አጣብቀዋለሁ።»